የደረቀ ቀለም በዝናብ ውኃ

ሥራ ያቆምሁት ማንም አቁም ሳይለኝ ነው። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ የፕሪንተር ራስ ላጥብ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ፣ ሲሪንጁን ይዤ፣ የቱቦውን ጫፍ ቀለም መግቢያው ላይ ላሳርፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ተንቀጠቀጠ። ትንሽ አረፍ ብዬ ደግሜ ሞከርሁ፤ ውኃው መንካት የሌለበት ቦታ ላይ ጠብ ሊል ለጥቂት ቀረ። ሲሪንጁን አስቀመጥሁና ዕቃውን ጠቅልዬ ለባለቤቱ መለስሁለት። «ምነው ጋሼ?» ቢለኝ «በቃኝ ልጄ» አልሁት። ባለቤቴ ጓዳ ሆና ሰምታ ኖሮ «እሰይ! ጠረጴዛዬ ተመለሰልኝ» አለች። በማግስቱ ሽንኩርት መክተፊያ አደረገችው።

እንግዲህ እጄ ካረፈ ስለዚያ ሥራና ሥራውን ስላስተማሩኝ ሴት ትንሽ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ፊደሉን ግን ቄስ ትምህርት ቤት አጥብቄ ስለያዝሁት አይጠፋኝም። ጽሑፌ ቢያዘግም አንባቢ ይታገሠኝ፤ ሥራውም የችኮላ አልነበረም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ መጀመሪያ የተቀጠርሁት እብናት ነው፤ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኜ። እዚያ ከአይጥና ከአቧራ በቀር ብዙ የማወራው የለኝም። ቀጥሎ ደብረ ታቦር አንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆንሁ። ደብዳቤ ከክፍል ክፍል አመላልሳለሁ፣ ማኅተም አስመታለሁ፣ ኃላፊው ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ። ደመወዙ ለወሬ አይበቃም። ግን እትዬ አስካለን ያገኘሁት እዚያ ስለሆነ ያን ቤት ክፉ አልናገረውም።

እትዬ አስካለ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ነበሩ። በታይፕ ዘመን የተቀጠሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት። ሁልጊዜ ከሥራ ሲወጡ የታይፑን ፊደሎች አንድ በአንድ በብሩሽ ጠርገው ጨርቅ ያለብሱት ነበር። አንድ ቀን «እትዬ፣ ነገ መቆሸሹ አይቀር፣ ምን ያለፋዎታል?» ብላቸው ቀና ብለው አዩኝና «አንተስ ነገ ይቆሽሻል ብለህ ፊትህን ሳትታጠብ ትውላለህ እንዴ ሞገስ?» አሉኝ። ያን ቀን ፊቴን አልታጠብሁም ነበር። እንዴት እንዳወቁብኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ኋላ ኮምፒዩተር መጣ፤ ከሱ ጋር ቀለም የሚረጨው ፕሪንተር መጣ። ሰው ሁሉ ተደነቀ። በጋው ሲገባ ግን ፕሪንተሩ መስመር እየዘለለ ማተም ጀመረ። ኃላፊያችን ደግ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ጀርባውን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል፣ ልክ እንደ አሮጌ ራዲዮ። እትዬ አስካለ ይህን ሲያዩ «ጌታዬ፣ አይምቱት፣ አጥፍቶ አይደለም። ጠምቶት ነው» አሏቸው። ኃላፊውም ሳቁና «እንግዲያ አጠጪው» አሉ። እትዬ ግን ቀልድ አላደረጉትም። መሥሪያ ቤቱ በቃኝ ብሎ ሲጥለው አስፈቅደው ቤታቸው ወሰዱት፤ ፈተው፣ ገጥመው፣ አበላሽተው፣ መልሰው አበጅተው ሥራውን ከራሱ ከዕቃው ተማሩ። የሚጠይቁት ሰው አልነበራቸውም።

መዋቅር ሲለወጥ እሳቸው ጡረታ ወጡ፤ እኔም ተሰናበትሁ። እትዬ አስካለ ከገበያው ዝቅ ብሎ ካለው ቤታቸው ፊት ለፊቱን ክፍል ጽሕፈት ቤት አደረጉት። ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ የዕድር ማስታወቂያ ያትማሉ፣ ከጎን ደግሞ የሰው ፕሪንተር ያጥባሉ። እኔ ሥራ ፈትቼ በዚያ ሳልፍ ጠሩኝ። «ዓይኔ ደከመብኝ፣ ያንተ ዓይን እህል ውስጥ ነቀዝ ሲለቅም የኖረ ነው። ና አብረን እንሥራ» አሉኝ። እንዲህ ሆኜ ገባሁ፤ መጀመሪያ ዓይናቸው ሆኜ፣ ቆይቶ እጃቸውም ሆኜ።

ሥራውን ለማያውቅ ላስረዳ። የፕሪንተር ራስ፣ ባለሙያዎች ሄድ የሚሉት፣ ከሥሩ ዓይን የማይለያቸው ቀዳዳዎች በተርታ የተሰለፉበት ሳህን አለው። ቀለሙ የሚረጨው በነዚያ ነው። ዕቃው ሳይሠራ ከተቀመጠ፣ ይልቁንም ዝናቡ አልፎ ከጉና ተራራ በኩል ያ ደረቅ ነፋስ ሲጀምር፣ ቀለሙ ቀዳዳው አፍ ላይ ይደርቅና ይደፍነዋል። ሰው ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚያምረው መርፌ ነው። አንድ የይፋግ ሰው በመርፌ ወግቶ፣ አልሆን ሲለው በአረቄ ዘፍዝፎ አመጣልን። እትዬ አስካለ አሸተቱትና «ይኸ ራስ ሰክሯል፣ ወዲያ አስተኙት» አሉ። ሳቅን፤ ግን አልዳነም። መርፌ የገባበት ቀዳዳ ከዚያ ወዲያ ቀዳዳ አይደለም።

የሳቸው መድኃኒት ውኃ ነበር። ግን ዝም ብሎ ውኃ አይደለም። የቧንቧውም የምንጩም ውኃ ሲደርቅ ነጭ ነገር ይተዋል፤ ጀበና ውስጥ የሚጋገረውን ማየት ነው። ያ ነጭ ነገር እነዚያን ቀዳዳዎች ከቀለሙ የባሰ ይደፍናቸዋል። ስለዚህ ክረምት ሲመጣ ጣሪያው አቧራውን አጥቦ እስኪጨርስ የመጀመሪያውን ዝናብ ያሳልፋሉ። ቀጥሎም ከቆርቆሮው ሥር አይቀበሉም፤ ሳፋቸውን ግቢው መካከል፣ ከሰማይ በቀጥታ በሚወርድበት ያኖሩታል። የተጠራቀመውን በነጭ ጨርቅ አጥልለው፣ በጠርሙስ ሞልተው፣ ከአልጋቸው ሥር ይደረድሩታል። ዓመቱን በሙሉ የምንሠራበት ያ ነው። ጎረቤት ጠበል መስሎት «ለሕመሜ ትንሽ ይስጡኝ» ብሎ መጥቶ ያውቃል። እትዬም «ይኸ የሚፈውሰው ፕላስቲክ ብቻ ነው» ብለው ሸኝተውታል።

ውኃውን ለብ ያደርጉታል፤ ትኩስ አይደለም፣ ለብ ብቻ። ብዙ ጊዜ የታጠበ ለስላሳ ጨርቅ አጣጥፈው ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ያነጥፉና ያርሱታል። ራሱን ቀስ ብለው ያስቀምጡበታል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ቀለሙ መልቀቅ ሲጀምር ጨርቁ ላይ የሚታየውን እኔ በቃል ልገልጸው አልችልም፤ ቢጫው ቀድሞ ይመጣል፣ ሰማያዊው ይከተላል፣ ቀዩ ያስቸግራል፣ ጥቁሩ እንደ ባላባት መጨረሻ ነው። ራሱን ሲያነሱት ቀለሙ ጨርቁ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ከተወ ቀዳዳዎቹ ተከፍተዋል። ከተቆራረጠ ገና ነው። ለማይለቀው ሲሪንጅ ጫፍ ላይ የጉሉኮስ ቱቦ ቁራጭ ይሰኩና ከላይ ውኃ ይሰጡታል። «አትግፋው፣ ለምነው» ይሉኝ ነበር። እጃቸው ሲገፋ አይታይም። ውኃው ግን ይወርዳል።

ከሁሉ ከባዱ ማድረቁ ነው። ከራሱ ጀርባ የመዳብ ነጠብጣቦች አሉ፤ ኤሌክትሪኩ የሚገባው በነሱ ነው። እርጥብ ሆነው ከተገጠሙ ይቃጠላል። ስለዚህ እትዬ ራሱን ወንፊት ላይ አድርገው፣ ስስ ጨርቅ ጣል አድርገውበት፣ ዓይን ደርቋል ቢልም ባይልም ያሳድሩታል። ባለቤቱ እየወተወተ ቢለምንም «ነገ» ነው መልሳቸው።

ፎቶ አትሞ መፈተሽም የራሱ ወግ ነበረው። ሰው ፎቶ ሲሰጠው መጀመሪያ አምሮበት እንደሆነ ያያል። እሳቸው ፎቶውን ወደ መስኮቱ ያጋድሉና «ፊቱን ተወው። መጀመሪያ መስመር ፈልግ። ግንባር ላይ ፈልግ» ይሉኛል። እውነትም ግንባር ሰፊና ሜዳ ስለሆነ አንዲት የተደፈነች ቀዳዳ እንኳ ብትኖር እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መስመር እዚያ ላይ ትታያለች። መስመር ካለ ዕቃው አይሄድም፤ እንደገና ውኃ።

ዕቃው ከዳነ በኋላ በየቀኑ ትንሽ ማሠራት ያስፈልጋል። እትዬ አስካለ ሰንበትን አጥባቂ ናቸውና ነገሩ ከነከናቸው። የንስሐ አባታቸውን ሲጠይቁ እኔም ነበርሁ።

«አባ፣ በሰንበት አንዲት መስመር ማተም ሥራ ነው ወይ?»

«ለማን ነው የሚታተመው?»

«ለማንም። እንዳይደርቅ ብቻ ነው።»

አባ ጢማቸውን አሻሹና «ላሟን በሰንበት ታልቢያት የለም ወይ?» አሉ።

«አልባታለሁ አባ።»

«እንግዲያ ሥራውን ለሰኞ አቆዪው፤ ጥሙን ግን አርኪለት።»

አሁን ደግሞ ከሐሙሲት ከተማ ስለመጣች አንዲት ፎቶ አንሺ ልናገር። እናና ትባላለች። ከባለቤቷ ጋር አስፋልቱ ዳር በተከራዩት ቤት የጉርድ ፎቶ ታነሳለች፣ ሰርግም ስትጠራ ትሄዳለች፤ ፎቶውን ራሷ ነበር የምታትመው። ጥምቀት እንዳለፈ ልጇን አዝላ ከአማቷ ከእማማ የሽ ጋር መጣች። ፕሪንተሩን ያቀፉት እማማ የሽ ናቸው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው። ደጃፉ ላይ ልቀበላቸው ብል «እጅህን ሰብስብ! ይሰበራል» ብለው ገፍተውኝ ገቡ።

እትዬ አስካለ ብርድ ልብሱን ገልጠው ዕቃውን አሸተቱ። ጭስ ጭስ ይላል። «ይኸ የት ነበር የተቀመጠው?» አሉ።

«አራስ ቤት ነዋ!» አሉ እማማ የሽ ኮራ ብለው። «እሷ ስትተኛ እኔ አይደለሁም እንዴ የምጠብቅላት? ብርድ እንዳይመታው ከከሰሉ አጠገብ አድርጌ ሸፋፍኜዋለሁ። ከሕፃኗ ለይቼ አላየሁትም!»

እኔ ሳቄ ስላመለጠኝ ውኃ ላመጣ መስዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። እትዬ አስካለ ግን አልሳቁም። «እማማ፣ ፍቅርዎ ነው ያደረቀው» አሏቸው በለሰለሰ ድምፅ። እማማ የሽ ምስጋና መሰላቸውና «አዎን፣ እኔ ስወድ እንዲህ ነኝ» አሉ።

አማቷ ሕፃኗን ፀሐይ ሊያስሞቁ ወደ ደጅ ሲወጡ እናና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ የሰርጉ ወራት ገብቷል፣ ለእሑድ አንድ ሰርግ ይዣለሁ። ይኸ ካልተነሣልኝ ባለቤቴ ቤቱን ሊለቅ ተነጋግሯል። ገጠር እናቱ ዘንድ ልንገባ ነው፤ እሳቸውም ግቡ እያሉ ይወተውታሉ። እሳቸው ክፉ አይደሉም፣ ያዩዋቸዋል። ግን እዚያ መብራት የለም፣ ካሜራዬም ሳጥን ውስጥ ሊቀር ነው። ሰው ፎቶውን ተቀብሎ ሲያይ የሚያሳየውን ፊት ካላየሁ ምን ልሆን ነው?»

እትዬ አስካለ ለማንም ቃል አይሰጡም ነበር፤ «እናያለን» ነው የሚሉት። ያን ቀን ግን «ለእኔ ተይው፣ ቅዳሜ ነይ» አሏት። እኔ ቀና ብዬ አየኋቸው። የሳቸውም ፕሪንተር የዚያው ዓይነት፣ ወንድሙ ስለሆነ ጠባዩን አውቀዋለሁ ብለው ይሆናል።

ሳምንቱን ሙሉ ታገልን። ጭሱ ቀለሙን እንደ ሙጫ አድርጎት ነበር። ጨርቅ እንለውጣለን፣ ውኃ እናሞቃለን፣ እንለምነዋለን። ቀዩ እምቢ ብሎ ቆይቶ ዐርብ ወደ ማታ ጨርቁ ላይ ደም እንደ ነካው ክር ቀጥ ብሎ ወጣ። እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አውልቀው «ተመስገን» አሉ። ነገር ግን መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ ልንሞክረው አልቻልንም። ቅዳሜ ጠዋት ራሱን አንድ የመጨረሻ ጊዜ አጠብነውና ወንፊቱ ላይ አደረግነው።

ረፋዱ ላይ እናናና አማቷ ደረሱ። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ የጎረቤት ራዲዮ ድንገት መናገር ጀመረ። መንደሩ በሙሉ «መጣ! መጣ!» አለ። እኛ አገር መብራት ሲመጣ ሰው እንደ እንግዳ ነው የሚቀበለው፤ ሳይሄድ ሁሉም ጉዳዩን ይዞ ይሮጣል፣ እህል የሚያስፈጭ፣ ልብስ የሚተኩስ። እትዬ አስካለ መብራቱን አዩ፣ እናናን አዩ፣ ወንፊቱን አዩ። ራሱን አንስተው ወደ መስኮቱ ያዙትና ሰጡኝ።

«ሞገስ፣ እስቲ ዓይንህን።»

መዳቡ ያበራል። ጠብታ የለበትም። «ደርቋል እትዬ» አልሁ።

«መብራቱም ይሄዳል» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገሩ፤ ገጠሙት።

ቁልፉን ሲጫኑት የፕሪንተሩ መብራት አንዴ ብልጭ አለ። ራሱ ወዲህና ወዲያ ተንቀሳቀሰ፣ ቀጥ አለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። በቃ።

እኔ ቀደም ብዬ «መብራቱ ሲመጣ ኃይሉ በዝቶ ነው» አልሁ። እማማ የሽም ፈጠን ብለው «አዎን፣ መብራቱ ነው! የሐሙሲትንም አምፖል እንዲሁ አድርጎታል» አሉ። እናናም አመነች። ነገሩ እዚያ ላይ ሊቆም ይችል ነበር።

«አይደለም» አሉ እትዬ አስካለ። «መብራቱን አትስደቡት። ላዩ ደርቋል፣ ውስጡ ግን እርጥብ ነበር። ቸኩዬ እኔ ነኝ ያቃጠልሁት።» እናና የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠችና ልጇን አውርዳ ማጥባት ጀመረች። ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

እትዬ አስካለ ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ጋቢያቸውን ይዘዋል። ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ፣ የራሳቸውን ፕሪንተር ከኮምፒዩተሩ ነቀሉ፣ ገመዱን ጠቀለሉ፣ ጋቢውን አለበሱት።

«እትዬ፣ እርስዎስ በምን ሊሠሩ ነው?» አልኋቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ ከምትጠይቀኝ በዚያ በኩል ያዝልኝ፣ ይከብዳል።»

እናና ብድግ አለች። «አይሆንም! አልወስድም! በእግዜር ስም፣ እትዬ፣ አልወስድም!»

«ትወስጃለሽ።»

«እንጀራዎ ነው'ኮ!»

«ያንቺም ነበር።»

እንዲህ ሲከራከሩ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ወደ ገጠር ግቡ ሲሉ የከረሙት እማማ የሽ መካከላቸው ገብተው ዕቃውን ከእጄ ላይ ተቀበሉ። «ተቀበይ ልጄ» አሉ። «ሰው እንዲህ አድርጎ የሰጠውን መመለስ ነውር ነው። ለልጄም እኔው ራሴ እነግረዋለሁ፤ ቤቱ አይለቀቅም። ይኸን ደግሞ እሳት አጠገብ አላኖረውም፣ እምዬ ማርያምን!» እናና ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

እትዬ አስካለ አንድ ነገር ብቻ ቃል አስገቧት፤ በየቀኑ፣ ሥራ ኖረም አልኖረም፣ አንዲት ትንሽ ወረቀት ልታትም። እኔም ዕቃውን ልተክልላት በወረታ በኩል አብሬያቸው ሄድሁ። ሚኒባሱ ውስጥ አንዱ ተሳፋሪ እማማ የሽ ያቀፉትን አይቶ «እማማ፣ ወንድ ነው ሴት?» አላቸው። «ገና ስሙ አልወጣለትም፣ አንተ ግን እግርህን ሰብስብለት» ብለው አፉን አስያዙት። እሑድ የሰርጉ ፎቶ ተነሣ፣ ታተመም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ ከመንገዱ ላይ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እትዬ አስካለ ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ የሰጣቸውን ያን አሮጌ ታይፕ ከአልጋ ሥር አውጥተው ማመልከቻ ይጽፋሉ። እያንዳንዱ ፊደል ንጹሕ ነበር። ደንበኛ ይስቃል፣ «ወደ ንጉሡ ዘመን መለሱን» ይላል፣ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። እንደ ምንም ብለው ሌላ ፕሪንተር እስኪያገኙ ብዙ ጊዜ ሄደ፤ አንድ ቀን ሲያማርሩ አልሰማኋቸውም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሰው ለማድረቂያው ጊዜ ሲያስቸኩላቸው ያን ቅዳሜ ራሳቸው ያነሡታል፤ «አንዱን ቸኩዬ ገድያለሁ። የአንተን አልገድለውም፣ ነገ ና» ይሉታል። እኔ ብሆን የምደብቀውን እሳቸው ለደንበኛ ይነግሩ ነበር። ደንበኛውም በዚያው ያምናቸዋል።

እኔም በኋላ ዓይናቸው ጨርሶ ሲደክም ሥራውን ቤቴ ወስጄ እስከ ዘንድሮ ሠራሁት። የወንፊቱን ሕግ አንድ ቀን አላፈረስሁም። ሥራ ካቆምሁ ወዲህም ሰኔ ሲገባ ሳፋዬን ግቢው መካከል አወጣሁት። ባለቤቴ «ለማን ነው ደግሞ?» አለችኝ። ለእናና ነው። ሐሙሲት የሚሄድ ሰው ሲገኝ ጠርሙስ እልክላታለሁ።

እትዬ አስካለ ያረፉት ሥራ ከማቆሜ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ነው። ሕመሙ አላሰቃያቸውም፣ ተመስገን። እናና መርዶውን በሰማች ማግስት ከሐሙሲት ደረሰች፣ ያችን አራስ ቤት የነበረችውን ልጅ አስከትላ። ልጅቱ ቁመቷ ከእናቷ ትከሻ ደርሷል። እናና በነጠላ የተጠቀለለ ትልቅ ፎቶ ይዛለች። ልቅሶው መካከል ገልጣ አቆመችው፤ እትዬ አስካለ ናቸው፣ አንድ ጊዜ ሊጠይቋት ሄደው ሳለ ያነሣቻቸው፣ መነጽራቸው በክሩ አንገታቸው ላይ እንደ ተንጠለጠለ።

«በዚያው ነው ያተምሁት ጋሼ» አለችኝ በጆሮዬ። «በሰጡኝ።»

ሰው ሁሉ ፎቶውን አይቶ ዋይ አለ። እኔ አላለቀስሁም። ወደ ፎቶው ቀረብ አልሁ፣ ወደ ብርሃኑ በኩል ትንሽ አጋደልሁት፣ ፊታቸውን ሳላይ ግንባራቸው ላይ መስመር ፈለግሁ። ከዳር እስከ ዳር ፈለግሁ። አንድም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ፊታቸውን አየሁ፤ ያን ጊዜ አለቀስሁ።